ዱባን ያስኬድኩት እኔ ነኝ

ቆይ፣ ቆይ። አንድ በአንድ። «ዱባ የሚለው አሳው እጁ ላይ ስለሞተበት ነው አሁን አዛኝ የሆነው» የምትሉ አላችሁ። ቡራዩ ባጃጅ ተራ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንደምታሙኝ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ሩቅ ይደርሳል። «ማራባቱ አቃተውና አዘንኩ አለ» የሚልም አለ። እኔን? አሳ ማራባት? ሰበታ ውስጥ ከኔ የበለጠ ክብ አሳ ያወጣ ሰው ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም። የለም። ዱባን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዱባን ልጆች ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ያቆምኩትም እኔ ነኝ። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ነው የሠራው፣ ስሙም ገመቹ ይባላል።

ሌላው ደግሞ «አሳ እኮ ነው፤ ተጠብሶ ለሚበላ ነገር ምን ይታዘናል?» ይላል። ይሄኛው እንኳን ጥያቄ ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ እናንተ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ነው የተምታታባችሁ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጫማዬን አስጠርጌ ነው የሄድኩት። ከዚያ በፊት ቡራዩ ባጃጅ አጥብ ነበር። ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰውዬ ሰበታ ጥግ ላይ፣ ምንጭ ያለበት መሬት ተከራይተው የጌጥ አሳ ያረባሉ፣ ሠራተኛም ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ድሮ ጫማ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ለውበት ብለው አንድ አኳሪየም አስቀመጡ፤ ሰው ጫማውን ትቶ አሳውን እያየ ሲወጣ ጊዜ ጫማውን ሸጠው አሳ ገቡ። ይሄን እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

«ትምህርት?» አሉኝ።

«ስድስተኛ ክፍል።»

«ጨርሰህ?»

«ገብቼ።»

«ስለ አሳ ምን ታውቃለህ?»

«ሁሉንም።»

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም ጋሼ። ግን አሳዎቹ ስለሚችሉ ችግር የለውም።»

በዚች ቀልድ ነው የተቀጠርኩት። ቀልዷን ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

እዚያ ቤት እንደ ወታደር ማዕረግ አለ። ታች አጣቢ ነው፤ ገንዳና መስታወት ያጥባል። ከሱ በላይ መጋቢ አለ። ከመጋቢ በላይ መራጭ፣ የተፈለፈሉትን ጥቃቅን አሳዎች እያየ ይሄ ይቅር፣ ይሄ ይውጣ የሚል። ከሁሉም በላይ አራቢ። አራቢ የሚባለው የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደሚገባ የሚወስነው ነው፤ የሽማግሌና የደላላ ሥራ አንድ ላይ ማለት ነው። እኔ በአጣቢነት ገባሁ። ውስጤ ግን ያኔውኑ አራቢ ነበርኩ።

መጋቢዋ ፈትያ ትባላለች፣ የጋሽ ከድር የእህት ልጅ። ገና ስታየኝ «ጫማህን አውልቅ፤ ሰርግ አልተጠራህም» አለችኝ። ሱሪዬን ጠቅልዬ ገንዳ ገባሁ። ባጃጅ ያጠብኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ የዱቄት ሳሙና። ላፈስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ልትገላቸው ነው?»

«ላጥባቸው ነው።»

«ገንዳ በጨው ነው የሚታጠበው። ሳሙና የነካ እጅህን እንኳን ውሃው ውስጥ እንዳታገባ። ወላሂ፣ ባጃጅ መሰለህ እንዴ?»

በዚያው ቀን በጨው ማጠብ ቻልኩ። ሌላው ሰው ሳምንት ይፈጅበታል ይባላል። ማን ይላል አትበሉኝ፤ እኔ ነኝ የምለው።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዱ ሲደርስ ስንጥቡ ላይ፣ ማለትም መተንፈሻው ክዳን ላይ፣ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል፤ እንደ ብጉር። ያን ስታይ ከሴቷ ጋር ታገባዋለህ። ውሃው ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት ተርትረህ እንደ ፀጉር ታንጠለጥላለህ፤ እንቁላሏን እሱ ላይ ትለጥፋለች። እንደጨረሱ ወላጆቹን ወዲያው ማውጣት ነው፣ አለበለዚያ ይበሉታል። አሳ ለልጅ ይሉኝታ የለውም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በቀጭን ጨርቅ እየጨመቅህ ትመግባለህ። ትንሽ ሲያድጉ ነጭ ሳህን ላይ እያወጣህ በሾርባ ማንኪያ ትመርጣለህ። አጠር፣ ወፈር፣ ጎበጥ ያለው በቀኝ በኩል ይቀራል። ቀጥ ያለው ወደ ጓሮ።

የጓሮው ገንዳ ለምርጫ የወደቁት የሚጣሉበት ነው። ስማቸው «ተራ» ነው። የተረፈ ምግብ ከተገኘ ይወረወርላቸዋል፤ ካልተገኘ እዚያው የተገኘውን ይለቃቅማሉ። ማንም ዞሮ አያያቸውም። እኔም አላይም ነበር።

ደንበኛ የሚፈልገው ጎባጣውን ነው። ለገጣፎ አዲስ ቪላ የሠራ ሰው ይመጣና «ተራ አሳ ጎረቤቴም አለው፤ የተለየ አምጣ» ይላል። የተለየ ማለት ሆዱ ኳስ የሆነ፣ ጀርባው የታጠፈ፣ ዐይኑ የፈጠጠ ነው። ጋሽ ከድር ላልፈጠሩት ፍላጎት ነው የሚሸጡት፤ እኔም በማንኪያዬ እመርጥላቸዋለሁ። መራጭ የሆንኩት ቶሎ ነው። ዐይን አለኝ።

ዱባ የወጣው ከኔ ሳህን ነው። ያኔ እንደ ባቄላ ቢሆን ነው። ፈትያ «ይሄ የታመመ ነው፣ ጣለው» አለች። እኔ «ይሄ ንጉሥ ነው» አልኩ። አደገ። አሳ አንገት እንደሌለው ታውቃላችሁ፤ ዱባ ግን ወገብም የለውም፣ ጀርባም የለውም። ራስ፣ ሆድና ጭራ፣ አለቀ። ቀለሙ ደግሞ የበሰለ ዱባ። ሲዋኝ ጭራው ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፤ እሱ ግን እዚያው ነው፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በትልቅ ሰው ጫማ የሚሮጥ ልጅ አስቡ።

ያየው ሁሉ ይስቃል። እኔም ለደንበኛ የምላት ነገር ነበረችኝ፦ «እየጨፈረ ነው።» ይቺን ስል ይወድቃሉ። ጋሽ ከድርም ከኔ ተምረው እሳቸውም «እየጨፈረ ነው» ማለት ጀመሩ። የዱባን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ያላየ የባጃጅ ሹፌር ከቡራዩ እስከ ሰበታ አልነበረም። እናንተም አይታችኋል፤ እንዳትክዱ።

አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ መጡ። ሱሉልታ ላይ ሆቴል እየሠሩ ነበር፤ እንግዳ መቀበያው ጋ ግድግዳ የሚያህል አኳሪየም አስገጥመዋል። ትልቅ ጃኬት ለብሰው፣ የቁልፍ ዘለላ እያንቃጨሉ ገቡ።

«አካም ጅርታ ልጄ፣ ይሄ ነው እንዴ ዱባ የሚባለው?»

«እሱ ነው። እየጨፈረ ነው።»

ሳቁ። እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ለጋሽ ከድር እንዲህ አሉ፦ «እኔ ጫንጮ የበሬ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ዐይኔ አይሳሳትም። መስታወቱን እንዲህ ባለ ብቻ ሙሉልኝ። ሆቴሉን ስከፍት ዝግጁ ይሁን።»

«ኢንሻአላህ፣ ቃሌ ነው» አሉ ጋሽ ከድር።

በዚያው ቀን አራቢ ሆንኩ። የአራቢው ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። ጋሽ ከድር ትከሻዬን ይዘው «ዱባን ከገዛ ልጆቹ ጋር አግባው፤ ከልጆቹም አጭሯን ምረጥ፤ ልጆቿንም እንደዚያው» አሉኝ። ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ ቡራዩን ዞርኩበት። ያየኝ ሁሉ ባንክ የከፈትኩ መስሎት ነበር።

ልጆቹ ወጡ። ከአባታቸው የባሱ። አንዳንዶቹ ጭራቸው ወደ ላይ ነው፣ አፋቸው ወደ ታች። ደስ ብሎኝ ዘለልኩ። ከዚያ ፈትያ ምግብ ጣለችላቸው። ምግቡ ላይ ተንሳፈፈ፤ አሳዎቹ ታች ተንፈራገጡ፤ ምግቡ ጨው ሆኖ ሟሟ፤ አንድም አልደረሰም።

«አይበሉም» አለችኝ።

«ዲየት ላይ ናቸው።»

አልሳቀችም። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አንድ በአንድ እያቀናች፣ አስኳል በጣቷ አፋቸው ላይ ማድረስ ጀመረች። በየቀኑ እንደዚያ። ሌላ ሥራዋ ሁሉ ቀረ።

«ገመቹ፣ እነዚህ ካልያዝኳቸው አይበሉም እኮ።»

«አንቺ እናት ሆንሽ፣ እኔ አባት ሆንኩ። ጥሩ ነው።»

«አንተ አሳ አይደለም የምታረባው፤ ሳቅ ነው የምታረባው» አለችኝና ወጣች።

እኔም ሳቅኩ። ግን አስኳሉ የነካው እጇ በሩ ላይ ምልክት ጥሎ ነበር፤ እሱን ሳይ ሳቄ አጠረ።

መብራት የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሰበታ መብራት ሲጠፋ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚሆነው ሲመጣ ነው። የዚያን ቀን ግን ጠዋት ጠፍቶ ዋለ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ጥገና ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ፓምፕ ይቆማል፤ ውሃው ይታፈናል። አሳ ሲታፈን ምን ያደርጋል? ወደ ላይ ይወጣና ከላይ ከላይ ያለውን ይጎነጫል። ፈትያና እኔ በጣሳ ውሃ እየቀዳን ከላይ መልሰን ማፍሰስ ጀመርን፤ ሲፈስ አየር ይዞ ይገባል። ክንዴ አለቀ።

ጓሮ ሄጄ አየሁ። ተራዎቹ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን እንደ ዘማሪ ከፍተው ቆመዋል። ደህና ናቸው። ተመልሼ የአራቢው ክፍል ገባሁ። የዱባ ልጆች መውጣት ይፈልጋሉ። ጭራቸው ይመታል፣ ይመታል፤ ሆዳቸው ይገለብጣቸዋል፤ ተመልሰው ታች። አንዷ ከውሃው አፍ አንድ ጣት ስትቀራት ቆመች። አንድ ጣት። ከዚያ ወረደች፣ አልተነሳችም።

ዱባም ታች ነበር። ሁለት እጄን አስገብቼ እንደ ሰሃን አደረግኩና ከሥሩ አነሳሁት፤ አፉን ከውሃው በላይ አደረስኩለት። ጎነጨ። እንደዚያ ይዤው ቆምኩ። ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል። አሳ እንዲህ ይመታል ብዬ አላውቅም ነበር፤ እድሜ ልኬን የያዝኩት በመረብ ነው። ፈትያ ከጎኔ ልጆቹን በየተራ እያነሳች ታስጎነጫለች። አንዱን ስናነሳ ሌላው ይወርዳል። እጅ አነሰን።

መብራት ሲመጣና ፓምፑ ሲያጓራ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። የተወሰኑት ሞተው ነበር። ዱባ ተርፏል።

«ዛሬ ምንም አልቀለድክም» አለችኝ ፈትያ።

«የመጀመሪያ ቀን፣ አሳዎቹ መዋኘት ስለሚችሉ ችግር የለም ብዬ ነበር» አልኳት።

«እና?»

«እና አሁን የማይችል አወጣሁ።»

እንግዲህ ያቺ ቀልድ የመጣችው እዚህ ጋ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ከድርን አናገርኳቸው። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች አይሄዱም። ሰበታ እንዲህ የሆኑ ሱሉልታ ሲደርሱ ምን ሊሆኑ ነው? የሱሉልታን ብርድ ያውቁታል፤ ሰው እንኳን ይታጠፋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዳቸው ይነፋና ይገለበጣሉ። እንግዳ መቀበያው ጋ፣ እንግዳ ፊት፣ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ።»

«አሳ ደሞ መቼ ሄዶ ያውቃል?»

«አባባሌ ገብቶዎታል።»

ፊታቸው ልክ አልነበረም፤ እኔ ግን የተቆጡ ነው የመሰለኝ። «ቃል ገብቻለሁ ገመቹ። ነጋዴ ያለ ቃሉ ምንም ነው። ነገ ወይዘሮ አስካለ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ማሳያው መስታወት ውስጥ አድርገህ አሳምረህ አሳይ። ቃሌን የምታስበላኝ ከሆነ ግን ቁልፌን መልስና ባጃጅህን እጠብ።»

ማሳያው መስታወት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠባብ ነው፣ ውሃውም ትንሽ ነው። አሳው መስታወቱን ተደግፎ ይቆማል፤ መሄድ አይጠበቅበትም። ምግቡም አፉ ሥር ነው። እዚያ ውስጥ ዱባ ጀግና ነው። ማንኛውም አሳ ሻጭ ጋ እንዲህ ያለ መስታወት አለ፤ እኛ ብቻ አይደለንም።

ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከአጣቢነት ተነስቼ ነው እኮ እዚያ የደረስኩት። ቡራዩ ላይ ገመቹ አራቢ ሆነ ብሎ ያላወራ የለም፤ ያወራሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እንዴት ብዬ ነው ባልዲ ይዤ የምመለሰው?

አባቴ ገበሬ ነው። እቤት ያለውን በሬ እያሰረ ነበር፤ ጫንጮ ሄዶ ነው የገዛው፣ እኔም አብሬው ነበርኩ። ያኔ መጀመሪያ አንድ ሌላ በሬ አይተን ነበር። የሰባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተኛ። እኔ «ይሄ ነው!» አልኩ። አባቴ አልነካውም፣ ጥርሱንም አላየም። ሻጩን «አስነሳውና አስኪደው» አለው። ሻጩ ስለ ሥጋው፣ ስለ ቀንዱ፣ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። አባቴ ደግሞ «አስኪደው» አለ። ተነሳ፤ አነከሰ። አባቴ ምንም ሳይል ወደሚቀጥለው ሄደ። ጫንጮ ገበያ ሳያስኬድ የሚገዛ የለም። ሕፃን እንኳን ያውቀዋል።

ያን ሳስታውስ ሳቅ መጣብኝ። ወይዘሮ አስካለ የማን ልጅ ነኝ ነበር ያሉት?

በማግስቱ መጡ። ጋሽ ከድር ኮት ለብሰዋል። ማሳያው መስታወት ተወልውሎ ተቀምጧል። እኔ የዱባን ልጆች በባልዲ ይዤ ገባሁ፤ ወደ መስታወቱ ግን አልሄድኩም። የመታጠቢያው ረጅም ገንዳ ጋ ቆምኩ። ቀድሜ በጨው አጥቤ ውሃ ሞልቼዋለሁ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ ልጄ።»

«አባትዎ በሬ ሲገዙ ተኝቶ እያለ ይገዙ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማለቴ፣ ሳያስኬዱ ይገዙ ነበር ወይ?»

ሳቁ። «ሳያስኬድ የሚገዛ ከተማ ያደገ ነው።»

«እንግዲህ እርስዎ ከተማ አላደጉም። ላስኪድልዎ።»

ጋሽ ከድር «ገመቹ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቀስ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት። ፈትያ በሩ ላይ ጣሳ ይዛ ደርቃ ቀረች። እኔ ባልዲውን አዘነበልኩት። አሳዎቹን ገንዳው አንድ ጫፍ ላይ ለቀቅኩ፤ አስኳሉን ሌላው ጫፍ ላይ ጣልኩ።

አዩት። ምግቡን አዩት፤ መሄድ ፈለጉ። ጭራቸው መታ። አንዱ ባለበት ዞረ። አንዱ ተገለበጠ፣ ተነሳ፣ ተገለበጠ። አንዱ ግድግዳውን እየታከከ የገንዳውን ሩብ እንኳን ሳይሄድ ቆሞ መተንፈስ ጀመረ። አስኳሉ እዚያ ማዶ እየሟሟ ነው። ማንም አልሳቀም።

«ምንድነው የሚያደርጉት?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እየ... እየጨፈሩ ነው» አሉ ጋሽ ከድር። የኔን ቃል።

ሴትዮዋ ገንዳው ላይ ጎንበስ አሉ። ቁልፋቸው አልተንቃጨለም።

«ጋሽ ከድር፣ ይሄ ጭፈራ አይደለም። ይሄ ማነከስ ነው።»

ጋሽ ከድር ወደ ማሳያው መስታወት ዞሩ።

«ደጄ ላይ አንካሳ በሬ አስሬ እንግዳ አልቀበልም። አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ ነው የሚገስጸኝ።» ቀና አሉ። እኔ ቁልፉን ከአንገቴ ማውለቅ ጀመርኩ፤ በሰው ከሚወለቅ በራስ ይሻላል ብዬ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «የሚሄድ የላችሁም?»

ፈትያ መረቧን ይዛ ጓሮ የሄደችው ማንም ምንም ሳይላት ነው። ተመልሳ ባልዲዋን ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። እናንተዬ። ተራዎቹ ከባልዲው ሲወጡ እንደ ተወነጨፈ ጠጠር ነው። አስኳሉ ጋ ለመድረስ ቅጽበት አልፈጀባቸውም። አንዱ ከመፍጠኑ የተነሳ ዘሎ የጋሽ ከድርን ኮት አረጠበው። ቀይ፣ ነጭ፣ ወርቅማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፤ እንደዚያ የሚያምሩ መሆናቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። ማን ጓሮ ያያል?

ወይዘሮ አስካለ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። «እነዚህ ምን ይባላሉ?»

«ተራ» አልኩ።

«ተራ ያላቸው ማነው?»

«መራጩ።»

«መራጩ ማነው?»

«እሱን ይተዉት» አልኩ፤ ፈትያ ጣሳዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች።

ሴትዮዋ መስታወቱ በነዚያ ይሙላልኝ ብለው ሄዱ። መኪናቸው ከግቢ ሲወጣ ጋሽ ከድር ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። እኔ ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ባጃጅ ላጥብ ልሂድ።»

«ቁጭ በል አንተ።» ሌላ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። የረጠበ ኮታቸውን አወለቁ። «ያን ክፍል መግባት ከተውኩ ቆይቷል፤ ልብ ብለሃል? ፈትያ በእጇ ስታበላቸው አንድ ቀን አየሁ። ከዚያ ወዲህ በሩ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። ቃል ገባሁ፤ ቃሉ አሰረኝ። ሴትዮዋ ራሳቸው ፈቱኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«አንተ መቼ አስወርተኸኝ ታውቃለህ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የነበረ ይመስል ወረደልኝ። እሳቸውም እንደዚያው፤ የዚያን ቀን ፈትያን ሁለት ጊዜ ሻይ አስመጧት፣ ሁለቱንም ጊዜ መጠጣት ረስተው ሲያወሩ ቀዘቀዘ።

ተራዎቹን ሱሉልታ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በላስቲክ አየር ሞልተን፣ አፉን በላስቲክ አስረን፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ። ክቦቹን ስናጓጉዝ ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚገለበጥ አይጠፋም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንድም አልሞተም። ብርዱን እንደ ቤታቸው ነው የለመዱት። ሆቴሉ ሲከፈት መስታወቱ ፊት ሕፃናት ተሰልፈው ጣታቸውን እያስሮጡ ከአሳው ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር። በክቦቹ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ከነዚህ ጋር ግን አብሮ ነው የሚጫወተው።

አሁን የአሳ ጥብሱ ጥያቄ። እኔ አሳ እበላለሁ። ባለፈው ጾም ፈትያ ፊት በላሁ፣ አጥንቱን እንኳን አልተውኩም። የሚበላ አሳ እስኪያዝ ድረስ አሳ ሆኖ ነው የኖረው፤ ምግቡ ጋ ሄዷል፣ ሲታፈን ላይ ወጥቷል። ዱባን ግን እኔ ሳወጣው ምግቡ ጋ እንዳይደርስ፣ አየሩ ጋ እንዳይወጣ አድርጌ ነው ያወጣሁት። ለምን? ሰው እንዲስቅ። አልራበኝም ነበር። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ ካልገባህ መብራት ሲጠፋ ና፣ አንዱን አስይዝሃለሁ።

ደግሞ ማራባት አቆመ አትበሉ። አሁንም አራቢ ነኝ፤ ቁልፉ ይኸው። ቀለም አወጣለሁ፣ ረዘም ያለ ጭራም አወጣለሁ፤ ዋናውን እስካልከለከለው ድረስ። አዲስ ዘር ሲወጣ ረጅሙ ገንዳ ላይ አስኳል ጥዬ አስኬዳለሁ። የደረሰ ያልፋል። ያልደረሰ ወላጅ አይሆንም፤ እዚያው ይጦራል። አሁንም «ዱባ ዓይነት አምጡ» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ጋሽ ከድር ወደኔ ይልኩታል። እኔም «ዱባ ጡረታ ወጥቷል፤ ልጅ አይፈልግም» እለዋለሁ። የሚቆጣ አለ። የሚስቅ አለ። ተራ ይዞ የሚሄደው ይበዛል።

ከሥራው የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ከማራባትህ በፊት አስኪደው። ካልሄደ አታራባው።

እና ዱባ እጁ ላይ ሞተ ላላችሁት፤ ዱባ አልሞተም። ሰበታ፣ ጋሽ ከድር ግቢ በረንዳው ላይ፣ ውሃው ከእጅ አንጓ በማይበልጥ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ነው ያለው። ውሃው ዝቅ ስላለ አፉ ያለ ማንም እርዳታ ላይ ይደርሳል። ወፍሯል፤ እንደኔ ይኩራራል። ያላመነ ከአየር ጤና በሚኒባስ ይምጣና በዐይኑ ይይ። ጋሽ ከድርን ጠይቁ፣ ኮታቸው ላይ ያለውን እድፍ ያሳዩዋችኋል። ሱሉልታ ወጥታችሁ ወይዘሮ አስካለን ጠይቁ። እኔ አጋንኛለሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፈትያን ጠይቋት፤ እኔን አሞግሳ አታውቅም፣ የዚያን ቀን ገንዳው ጋ የቆመው ማን ነበር ብላችሁ ብቻ ጠይቋት።